ለቅዳሜ የተቀጠረ መርዶ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ያገኘኝ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይለኝ ነበር። ምኑ ነው ደስ የሚለው ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ አራተኛ ክፍል ሳስተምር ኖሬ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእጄን ጠመኔ አራግፌ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ይኸው ነው። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል። ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም የምትኖረው ካናዳ ነው። የጉዞ ወረቀቱን እሷው ጀምራ እሷው ጨርሳ «እማ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም፤ ትመጫለሽ» አለችኝ። ልመና ሳይሆን የርዕሰ መምህር ትእዛዝ ነበር የሚመስለው። ይህን ጠባይ ከማን እንደወረሰችው ስለማውቅ አልተከራከርኳትም።

እሺ ማለቱ አላቃተኝም። ቤቴን ለማከራየት፣ ዕቃዬን ለጎረቤት ለማከፋፈል፣ ከማኅበሬና ከእድሬ ለመሰናበት አንጀቴ ችሏል። ያቃተኝ እታለምን መሰናበት ነበር።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። የተወለድነው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አጠገብ ነው። እሷ ገና በልጅነቷ ስማዳ ተዳረች። እናታችን በሞተች ጊዜ መጥታ እኔን ይዛኝ ሄደች፤ ባሏን ለምና፣ ከአማቷ ተጣልታ ወገዳ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። የራሷ ልጆች ሲደርሱ አንዳቸውም ብዙ አልገፉበትም፤ እኔ ግን መምህርት ሆንኩ። ስለዚህ እህቴ ስል እናቴ ማለቴም ነው። ይህን ውለታዋን አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም። ሌላውን ሁሉ ግን ታነሳብኛለች፤ አለባበሴን፣ ቅጥነቴን፣ የወጥ አሠራሬን፣ አንድ ልጅ ብቻ ወልጄ መቅረቴን።

ልሰናበታት የሄድኩት ጥር ውስጥ ነው። እስከ ወገዳ በመኪና ስንገጫገጭ ቆይቼ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ አዝግሜ ስደርስ ልጆቿ አውድማ ላይ ገብስ ያበራያሉ። እሷ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ከሥራው ወጥታለች፤ ከማዘዙ ግን አልወጣችም። አውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በሬዎቹንም ሰዎቹንም ትቆጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወሬውን አስቀድማ ሰምታዋለች።

«እና መሄድሽ ነው?» አለችኝ ዓይኗን ከበሬዎቹ ሳትነቅል።

«መሄዴ ነው እታለም።»

«ደግ ነው። ልጅ ካለበት ነው የሚኖር።»

አንዱን በሬ ተቆጣችና «ገብስ ያበቅላል አገሩ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

«ምነው፣ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? የሚሄዱበትን አገር እንዲያው ገብሱን እንኳ አይጠይቁም?»

በማግስቱ ስነሳ ልትሸኘኝ አብራኝ ወጣች። በኛ አገር ሽኝት ደጃፍ ላይ አያልቅም፤ የሚወዱትን ሰው እስከቻሉት ድረስ አብረውት ይሄዳሉ። ጉልበቷን ስለማውቅ እኔ «ተመለሺ» እላታለሁ፤ እሷ «ዝም ብለሽ ሂጂ» ትለኛለች። ቤተ ክርስቲያኑን አልፈን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ቁጭ አለች። ግንባሬን፣ ጉንጮቼን፣ እጄን ሳመችኝ። እኔ አለቅሳለሁ፤ እሷ አላለቀሰችም። «በይ መኪናው ያመልጥሻል» አለችኝ። እስከ ወገዳ ድረስ እንባዬ አልቆመም። በዚያ ዕድሜ እንደ ሕፃን እያለቀሱ መንገድ መሄድ ያሳፍራል፤ ግን ማን ያየኛል ብዬ ለቀቅሁት።

ልጄ የምትኖርባት ከተማ ሬጃይና ትባላለች። አገሩ ሜዳ ነው። ጋይንት ተወልዶ ስማዳ ያደገ ሰው ዓይኑ የለመደው ገደል ነው፤ ከገደሉ ማዶ ሌላ ገደል አለ፣ ከዚያም ወዲያ አለ። እዚህ ግን ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ የለም፤ ቁርጥ ሰፌድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን መስኮት ላይ ቆሜ ሳይ ያዞረኝ ነበር። ልጄ ነርስ ናት፣ ባሏ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ጠዋት ይወጣሉ፣ ማታ ደክሟቸው ይገባሉ። ባሏ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣውም። ሲያናግረኝ ግን ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ጆሮዬ ደህና መሆኑን እስከ ዛሬ አላመነም። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን እውላለሁ። የምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው እየኖረ ኮቴ እንኳ አይሰማም፤ ምንጣፉ ይውጠዋል።

ለመልመድ ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ። ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ገባሁ። አስተማሪያችን ልጄን የምታህል ወጣት ናት። ስሜን በእንግሊዝኛ ብጽፍ አጨበጨበችልኝ። የስንቱን ሰው ልጅ እጅ ይዤ ያጻፍኩ ሴት፣ ስሜን ስለጻፍኩ ጭብጨባ ተቀበልኩ። ማታ ለልጄ ስነግራት ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የከበደኝ ብርዱ አይደለም። ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ ሰው ማጣቴ ነው የከበደኝ። መካነ ኢየሱስ ገበያ ስወጣ ያስተማርኳቸው ልጆች፣ ጢም ያበቀሉት ሳይቀሩ፣ ከመንገድ ዞር ብለው ያሳልፉኝ ነበር። እዚህ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር የሚለቁልኝ ስላረጀሁ ብቻ ነው።

የጡረታ ነገርም ግራ አጋባኝ። በኛ አገር ሰው ጡረታ ሲወጣ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠሩታል፣ ድንበር ሲገፋ ይጠሩታል፣ ክርስትና አንሳልኝ፣ ሽማግሌ ሁነኝ ይሉታል፤ ደመወዙ ይቀራል እንጂ ሥራው አይቀርም። ልጄ አንድ ቀን አረጋውያን የሚውሉበት አዳራሽ ወስዳ አስመዘገበችኝ። ካርታ ይጫወታሉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ስፖርት ነው አሉኝ። ደጎች ናቸው። ከመካከላቸው ግን ማንም መጥቶ ምክር የሚጠይቀው አላየሁም። እኔም ከነሱ ጋር ተቀምጬ እጄን አወናጨፍኩ።

ሐምሌ ላይ፣ የነሱ በጋ በሐምሌ ነው፣ የልጄ ባል በመኪና ከከተማ አወጣኝ። መንገዱ ዳርና ዳር አረንጓዴ ሆኖ የማውቀው የሚመስል ቅጠል አየሁና አስቆምኩት። ወርጄ አንዱን ፍሬ ፈልፍዬ አየሁት፤ ምስር ነው። ዓይን እስኪታክት ድረስ ምስር ነው። ከዚያ ወዲያ ስንዴ፣ ከስንዴው ወዲያ ገብስ። የኛው አዝመራ ነው፣ ግን ሰው የለበትም። አራሚ የለ፣ ወፍ ጠባቂ የለ፣ ማሳ ዳር ቁጭ ብሎ የሚያይ እንኳ የለ። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ለእታለም የነገርኳት በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። የምንነጋገረው እሑድ እሑድ ነበር። የመጨረሻ ልጇ፣ የሚጦራት እሱ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ በበቅሎ ጭኖ ኔትዎርክ ያለበት ቦታ ያወጣታል። ስልክ ስታወራ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው እንደምትጣራ ሰው ትጮሃለች።

«ምስር ነው ያልሽኝ? ማን ያጭደዋል?»

«መኪና።»

«ማንስ ይወቃዋል?»

«እሱው መኪና ነው እታለም። እያጨደ ይወቃዋል።»

«እንግዲያ ሰዎቹ ምን ሲሠሩ ይውላሉ?»

አላውቅም አልኳት፤ እውነትም አላውቅም ነበር። ከት ብላ ሳቀች። ልጇም ከጎኗ አብሮ ሲስቅ ይሰማኛል። ድምፅዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልሰማሁትም።

ከዚያ ስልኩ ጠፋ። በኛ አገር በኩል ያን ሰሞን መንገዱም ስልኩም ሲዘጋ ሲከፈት ስለነበር መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ፍልሰታ አለፈ፣ መስቀል አለፈ። ጥቅምት መግቢያ ላይ መስመሩ ሲከፈት ያነሳው ያው የእህቴ ልጅ ነው። ከብቱም ሰዉም ደህና ነው አለኝ።

«እናትህስ?»

«ጸበል ገብታለች። ጉልበቷ ጠንቶባት ነው። እርስዎስ? ለመዱ ወይ አገሩን?»

«ለምጃለሁ፣ ደህና ነኝ» አልኩት። እውነት አልነበረም። ለእናቱ ይነግራታል ብዬ፣ ስለኔ እንዳትጨነቅ ነው።

በሌላውም እሑድ ጸበል ናት። ከዚያም በኋላ ጸበል ናት። ጸበል የገባ ሰው ሱባዔውን ጨርሶ ይወጣል፤ እሷ ግን አልወጣ አለች። ስለ እናቱ ስጠይቀው እሱ ስለ በሬው ያወራኛል። ልጄ ደግሞ ስልክ ሳነሳ ከአጠገቤ አትጠፋም፤ ወሬው ሊረዝም ሲል «እማ፣ ካርዱ ያልቅባቸዋል» ትለኛለች። የደወልኩት እኔ ሆኜ የነሱ ካርድ እንዴት ያልቃል ብዬ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት።

ፎቶው የመጣው የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነው። ለእህቴ ልጅ ሴት ልጅ ተወልዳ ክርስትና ስትነሳ የተነሱትን መካነ ኢየሱስ ያለ ዘመድ በቴሌግራም ላከው። ልጄ ከሥራ ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ ስልኳን ይዛልኝ መጣች። «እይ እማ፣ ሁሉም ደህና ናቸው፤ አንቺ ደግሞ ዝም ብለሽ ትጨነቂያለሽ» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ ፊቷ ላይ ደስታ ነበር።

አየሁት። የእህቴ ልጅ ራሱን ተላጭቷል። ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ከታች መሆን የነበረበት ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷ ጋ ነው። ከኋላ የቆመችው የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ጥቁር ሻሽ ጠፍንጋለች፤ የሷም ነጠላ እንደዚያው ነው። በኛ አገር ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። ለሩቅ ሰው ከሆነ ቶሎ ይስተካከላል፤ ክርስትና ላይ እንኳ ያልተስተካከለ፣ የእናት ወይም የአባት ነው። አባታቸው ከሞተ ቆይቷል። ልጄ ይህን አታይም። ያደገችው ከተማ ነው፣ የወጣችውም ገና ልጅ ሆና ነው፤ ለሷ ነጠላ ነጭ ልብስ ነው። ከኔ የሚደብቁትን ነገር በገዛ እጇ ይዛ መጥታ ዓይኔ ሥር አደረገችው፤ ማሳየቷንም አላወቀችም።

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን» አልኳት። ስልኳን መለስኩላትና ሄጄ ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጠብኩ።

ለምን ዝም አልሽ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ጎሕ ሲቀድ መጥተው ደጅ ያንኳኳሉ። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ያን ጊዜ ይረዳዋል፤ ሲወድቅም የሚይዘው አያጣም። እስኪነገረው ድረስ ማልቀስም ጥቁር መልበስም የሱ አይደለም። እኔም ልቤ አወቀ እንጂ አልተረዳሁም። መቼ እንደሞተች አላውቅም፤ አርባዋ ይለፍ ሰማንያዋ አላውቅም። ጠዋት ስጸልይ ስሟ ላይ ስደርስ ከሕያዋን ጋር ልጥራት ከሙታን እያልኩ እቆማለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሁለቱም ጋ እጠራታለሁ።

ደግሞም ተናድጄ ነበር። እስኪ እስከ መቼ ትደብቁኛላችሁ አልኩ። አንድ ቀን ልብስ መሸጫ ገብተን ወፍራም ሹራብ አነሳሁና «ይኼ ለእታለም አይሆናትም? ጸበሉ ቦታ ብርድ ነው» አልኳት። ልጄ ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሆናታል እማ» አለችና ገዛችው። እቤት ገብተን ሹራቡን ደጋግማ እየዘረጋች ስታጥፍ ቆይታ ሻንጣ ውስጥ ስታስቀምጠው አየሁ። ያን ጊዜ አሳዘነችኝ። አክስቷን ነው ያጣችው፤ እንደኔው ሳታለቅስ ታማሚ ስታገላብጥ ትውላለች፣ ማታ ደግሞ እኔን ትጠብቃለች።

ከዚያ ወዲያ አልፈተንኳትም። እንዲያውም አገዝኳቸው። የእህቴ ልጅ ሲደወልለት ስለ እናቱ መጠየቅ ተውኩ። «ለመዱ ወይ?» ሲለኝ ስለ ትምህርቱ አወራዋለሁ፣ ከኛ በላይ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን በቆርቆሮ ተክላ ስለሰጠችኝ አበባ አወራዋለሁ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ምን ብዬ የራሴን ላማርር? ለስቅለት ስግደት ብቻዬን አውቶቡስ እየቀያየርኩ፣ ኢትዮጵያውያን በኪራይ የሚያስቀድሱበት አዳራሽ ደርሼ እንደተመለስኩ ስነግረው «ጎበዝ፣ ጎበዝ እንጂ» አለኝ። ድምፁ ግን ሰለለ። መስመሩ ይሆናል አልኩ።

ከትንሣኤ በኋላ በሆነ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ጥቁር ለብሳ ከክፍሏ ስትወጣ ቀኑ መድረሱን አወቅሁ። ጎሕ ሲቀድ ግን ማንም አልመጣም። አንዱ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ እስኪወጣ፣ ሌላው ልጆቹን የዋና ትምህርት አድርሶ እስኪመለስ ረፈደ። ቅዳሜ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ሁሉም ከሥራ ነፃ የሚሆነው ያን ቀን ነው። ታች መኪና ማቆሚያው ጋ ተሰብስበው የቀሩትን ሲጠብቁ በመስኮት አያቸዋለሁ። ሴቶቹ ነጠላ ከመኪና እያወጡ ይለብሳሉ። አንዲቱ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ለበሰች፤ ሌላዋ ገልብጣ አስተካከለችላት። ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ በፎይል የተሸፈነ ምግብና የታሸገ ውኃ ይዘዋል። ከመስኮቱ ተመለስኩና ሶፋው መሐል ላይ ተቀመጥኩ። ብወድቅ በግራም በቀኝም የሚይዘኝ ይኑር ብዬ ነው።

ገብተው ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ስግደት ላይ ካየኋቸው በቀር አላውቃቸውም። ሽማግሌ ተብሎ የተመረጠው ታክሲ የሚነዳ ጎልማሳ ነው፤ በዕድሜ እኔን አያክልም። ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«እማማ» አለ፣ «እንግዲህ የሰው ልጅ ነን። ሁላችንም በተራችን የምንሄድበት መንገድ ነው። እግዚአብሔር የወደደውን...» አለና ቆመ። ወደ ልጄ ባል ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ ሲጠይቀው ሰማሁት። «እናታቸው ናቸው እህታቸው?»

የልጄ ባል ደንግጦ አፉ ተሳሰረ። ልጄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«እህቴ ናት» አልኩት። «ታላቅ እህቴ ናት። ያሳደገችኝ እሷ ናት።»

የራሴን መርዶ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሰውየው አፍሮ አንገቱን ደፋ። ደግ ሰው ነው፣ አልተቀየምኩትም፤ ከሥራ ሳይተኛ ነው የመጣው። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ለማያውቋት ሴት ሲያለቅሱ ገርሞኝ ነበር፤ ቆይቼ ሳዳምጥ ግን እያንዳንዷ የራሷን ነው የምታለቅሰው፤ አንዷ እናቷን፣ አንዷ ወንድሟን፣ እዚህ ሰው አገር ሆነው ያልቀበሯቸውን። እኔም አለቀስኩ፤ እንደሚገባት አድርጌ ግን አይደለም። የልጄ ባል እየዞረ መስኮቶቹን ሲዘጋ አየሁት። ጎረቤት ደንግጦ ፖሊስ እንዳይጠራ ነው። ስማዳ ቢሆን ለለቅሶ የሚመጣ ሰው ገና ከሩቅ ድምፁን ይለቀዋል፣ ቤት ያሉት ሰምተው እየጮሁ ወጥተው ይቀበሉታል፤ ሜዳው ሁሉ ያለቅሳል። እዚህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን በለሆሳስ አለቀስን። ለእታለም የማወጣውን ድምፅ ስቆጥብ ጊዜ እንባዬም አብሮ ቆመ። እህል ውኃ ቀመሱ፣ አጽናኑኝ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ሄደ። ፎቅ ላይ ያለችው አሮጊት ጎረቤቴ ግን ድምፁን ሰምታ ኖሯል። መጥታ እጄን ይዛ ለረጅም ጊዜ አጠገቤ ተቀመጠች።

እሷም ስትሄድ ልጄ እግሬ ሥር ቁጭ አለች። «እማ፣ አውቀሽ ነበር አይደል? መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ፎቶውን ያሳየሽኝ ቀን።»

ስልኳን አስወጣኋትና ነጠላዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋት። ጥለቱ የት እንዳለ፣ የት መሆን እንደነበረበት ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ አየችው። «እኔ ነኝ እንግዲህ ያረዳሁሽ» አለችና ጉልበቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አቅፌ ዝም አሰኘኋት። ከዚያ መቼ እንደሞተች ጠየቅኋት። ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ሳትፈታ። ስለ ምስሩ ያወራን ሰሞን ማለት ነው። አርባዋም ሰማንያዋም ወጥቶ ሙት ዓመቷ እየደረሰ ነው።

«ይህን ያህል ጊዜ?» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም እማ። እኔ ስንት ጊዜ እንንገራት ብያቸዋለሁ። አይሆንም ያሉት እነሱ ናቸው። ነገ ደውይና ጠይቂያቸው።»

እሑድ ደወልኩ። ልጄ ሥራ ገብታለች፣ ባሏም የለም። የእህቴ ልጅ መረዳቴን ሰምቶ ስለነበር ድምፄን ሲሰማ ማልቀስ ጀመረ። «እግዚአብሔር ያጥናዎ አክስቴ» አለኝ። እኔ ግን የማጽናኛ ቃሉን የምሰማበት ልብ አልነበረኝም።

«ለምን አልነገራችሁኝም? ለአርባዋ ባልደርስ ለሰማንያዋ እደርስ ነበር። እዚህ ቁጭ ብዬ ለሷ ሹራብ እገዛለሁ። እንዲህ ይደረጋል? አንተስ እንዲህ ታደርገኛለህ?»

«እኔ አይደለሁም አክስቴ» አለኝ። «እሷ ናት። መሞቷን አውቃው ነበር። የንስሐ አባቷ ከወጡ ወዲያ ሁላችንንም ጠርታ ለእርስዎ እንዳንነግር አስማለችን። 'ሙሽራ እኮ ናት' አለችን።»

«ማን ናት ሙሽራ?»

«እርስዎ ነዎት። 'አዲስ ሙሽራ አገሩን ሳትለምድ መርዶ ይነገራታል እንዴ? ሁሉን ጥላ ትመጣለች። መጥታም የምታገኘው ባዶ ቤት ነው፤ ሁለቱንም አገር ታጣዋለች። ስትለምድ ንገሯት' አለች። እኛም እሑድ በመጣ ቁጥር እየጠየቅንዎ ቆየን። ለስቅለት ብቻዬን ሄጄ ስግጄ መጣሁ ሲሉኝ ጊዜ ለወንድሞቼ ነገርኳቸው። ተቀምጠን መከርን። እንግዲህስ ለምደዋል፣ ይነገራቸው ተባባልን።»

እታለም ሙሽርነትን ታውቀዋለች። ስማዳ የተዳረች ሰሞን እየሸሸች ቤተ ልሔም ትመጣ ነበር ይባላል፤ አባታችን ደግሞ በማግስቱ ይመልሳታል። ያን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፣ እናታችን ናት። እሷ ስለዚያ ጊዜ አንድም ቀን አላወራችኝም። ሞቷ ደጅ ቆሞ እያለ እንኳ የኔን መልመድ ታስብ ነበር።

«አልለመድኩም» አልኩት። «ልጄ፣ አልለመድኩም። እንዳታስቡብኝ ብዬ ነው እንጂ አንድም ቀን አልለመድኩም።»

ከዚያ ድምፄ ወጣ። እንዲህ አድርጌ አልቅሼ አላውቅም። ከእህቴ ልጅ አጠገብ የነበሩት ሴቶች ከስልኩ ሰምተውኝ ለቅሶውን ከዚያ ማዶ እንደ አዲስ አነሱት። ኔትዎርኩ እስኪቋረጥ ድረስ አብሬያቸው አለቀስኩ።